ለሳምንቱ የሚሆን ምግብ እሑድ ላይ ማዘጋጀት፣ ሳይሰለችና ሳይበላሽ

ሒሳብ ያዡ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፤ በአንድ የቡና መጋዘን ሒሳብ እይዛለሁ። ባለቤቴ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አዲስ አበባ ገብታለች፤ ልጆቹ እኔ ዘንድ ናቸው። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ትንሹ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነው።

"ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን አገባው" በሚባልበት ቤት አላደግሁም፤ ሽሮዬም በጎረቤት የተመሰከረለት ነው። ያጣሁት ጊዜ ነው። ጥቅምት ገብቶ ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር መኪናው በመጋዘኑ በር ላይ ይሰለፋል፤ የመጨረሻው ጆንያ ሳይመዘን መዝገቡ አይዘጋም። ቤት ስደርስ የሚቆየኝ ራት ሳይሆን ራት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ጠዋት ደግሞ ሁለት ምሳ እቃ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

እስካሁን መላዬ እሑድ በትልቅ ድስት ምስር ወጥ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ነበር። ሰኞ በደስታ ይበላል። ማክሰኞ ልጄ ክዳኑን ገልጣ "ዛሬም እሱ ነው?" ትላለች። ረቡዕ እኔም በልቤ እንደዚያው እላለሁ። ሐሙስ ላይ ወጡ ይኮመጥጣል፤ የእኛም ፊት አብሮ ይኮመጥጣል።

በየቪዲዮው የሚታዩት ባለሙያዎች የተጠበሰ ዶሮ በሃያ ዕቃ ደርድረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡና ፈገግ ይላሉ። መብራት የሚሄድባቸው ሰዎች አይመስሉም። እኛ ሰፈር መብራት ሲያሻው ከሰዓት በኋላ ሄዶ ሌሊት ይመለሳል፤ አንዳንዴም እዚያው ያድራል። ዝናቡም ገና አልለቀቀንም፤ የገዛሁት እንጀራ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ነጥብ ያወጣል።

ረቡዕና ዓርብ እኔና ልጄ እንጾማለን፣ ትንሹ አይጾምም። ሁለት ዓይነት ወጥ ሳልሠራ የምወጣበት መንገድ ካለ እሱንም ንገሩኝ። ያለኝ አንድ ቡታጋዝ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የከሰል ምድጃ፣ እንዲሁም ከላይ ትንሽ ፍሪዘር ያለው ማቀዝቀዣ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሰዓቱን ሁሉ መስጠት እችላለሁ። በሥራ ቀን ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ምድጃ ፊት የሚያቆም ምክር አይሆነኝም። "ሠራተኛ ቅጠር" የሚለውን መልስ ስለማውቀው ባትጽፉት ደስ ይለኛል።


የግቢ ተማሪ

ጋሼ፣ እኛ ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ሳምንቱን የምንዘልቀው በመኮሮኒ ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት አንድ ጊዜ በብዛት እናበስላለን፣ በየቀኑ መኮሮኒውን ብቻ እንቀቅላለን። እንቁላል የተገኘ ቀን በዓል ነው። ልጆች መኮሮኒ አይጠሉም፤ ይሞክሩት።


ኮረሪማ

ተማሪው አይቀየመኝ እንጂ እንጀራ በልቶ ያደገን ልጅ ሳምንቱን ሁሉ መኮሮኒ ብታበላው ሐሙስ ላይ ያችው ጥያቄ ትመጣብሃለች።

ልጄ፣ እኔ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳ እያቀረብኩ ነው እዚሁ ጅማ ልጆቼን ያሳደግሁት። በየቀኑ አራት ዓይነት ማባያ ይጠበቅብኛል፤ እጅ ደግሞ ያው ሁለት ነው። መላው ይኸውልህ፦ ወጥ አታስቀምጥ፤ ቁሌት አስቀምጥ።

ምስር ወጥ ሐሙስም ያው ምስር ወጥ ነው። ቁሌት ግን ምን እንደሚሆን ገና አልተቆረጠለትም። ሰኞ ምስር ትጨምርበታለህ፣ ማክሰኞ ሽሮ ትበጠብጥበታለህ፣ ረቡዕ የተቀቀለ ቦሎቄ፣ ሐሙስ እንቁላል ትሰብርበታለህ፣ ዓርብ ያደረ እንጀራ ትፈረፍርበታለህ። ደግሞም ጊዜህን የሚበላው ሽንኩርቱ ነው እንጂ ምስሩ አይደለም። ለቀይ ምስር ክክ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ሽንኩርትና በርበሬ ግን ከሰዓት በታች አብስለህ ብታወርዳቸው የበላው ሁሉ ያውቅብሃል።

እሑድ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀህ ክተፍ። ታችው ወፍራም በሆነ ድስት ያለ ዘይት ጣደው። መጀመሪያ ውሃውን ይጥላል፤ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልክ ጠብቀው። ማማሰያውን ስትስበው ከኋላው መንገድ ይከፍታል፤ መንገዱ ቶሎ ከተከደነ ውሃ አለው ማለት ነው። መንገዱ ተከፍቶ ሲቆይ፣ ሽንኩርቱም የድስቱን ታች መያዝ ሲጀምር፣ ያኔ ዘይቱን ጨምር። ለዚህ ሁሉ ሽንኩርት ሁለት ብርጭቆ አይበዛበትም። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስከትል።

እዚህ ላይ ለሁለት ክፈለው። አንደኛው ግማሽ በርበሬ አያይም፤ እርድ ነስንሰህ ለአልጫ ይቀመጥ። ሁለተኛው ላይ በርበሬውን ጨምርና ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግክ አቁላላ። በርበሬ ጥሬ ሳለ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፤ ሲበስል ማሳሉ ይቀራል፣ መልኩ ይጠቁራል፣ ዘይቱም በድስቱ ዳር ዳር ይወጣል። ዘይቱ ካልወጣ አልደረሰም። ጨውን ቀለል አድርገው፤ በኋላ የምትጨምረው ሽሮም የራሱ ጨው ይኖረዋል።

ቅቤ ጨርሶ አታስገባ። የጾሙ ጥያቄህ የሚፈታውም በዚህ ነው። ቁሌቱ በዘይት ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንዳለ ይበላል፤ ለትንሹ ልጅ በትንሽ ድስት ቀንስለትና አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አድርግለት። ቅቤ መጨረሻ ላይ ሲገባ መዓዛውም አይባክንም። መከለሻም እንዲሁ፤ ምድጃው ሊጠፋ ሲል ነው ወጡን የሚነካው። ኮረሪማውን ደግሞ ፈልፍለህ ፍሬውን አስቀምጥ እንጂ ተፈጭቶ የከረመ አትግዛ። ከፋና ጅማ ለኮረሪማ አገሩ ነው፤ እዚህ ተቀምጦ በላስቲክ የታሸገ መከለሻ መግዛት ጥጃ እያለው ወተት እንደሚለምን ሰው ያስቆጥራል።

ሲበርድ ለአንድ ራት የሚበቃውን ለየብቻው ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ አድርግ። ለእናንተ ለሦስታችሁ ሁለት ጭልፋ ይበቃል። እስከ ረቡዕ የምትበሉት ከታች ይሁን፣ የቀረው ፍሪዘር ይግባ። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የማታውን ከፍሪዘር አውርደህ ከታች ታስቀምጣለህ፤ ስትመለስ ይላቀቅልሃል።

ከቁሌቱ ጎን ለጎን ሌላው ምድጃህ ሥራ አይፍታ። ቅዳሜ ማታ ሽምብራና ቦሎቄ ለየብቻ ንከር። የነከርክበትን ውሃ ድፋና በአዲስ ውሃ ቀቅል። ቦሎቄ በተለይ ቀዩ ሳይበስል ከተበላ ሆድ ያውካል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል ይንተክተክ፣ ከዚያ በኋላ እስኪለሰልስ እሳቱን ብትቀንስለት ግድ የለም። ከሰል ላይ ለብ እያለ ማደር ለቦሎቄ አይሆንም። ባለቤትህ አዲስ አበባ ሆና "እዚህ ሽምብራው አልበስል አለኝ" ካለችህ እውነቷን ነው፤ እዚያ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ጅማ ዝቅ ስለምትል 94 ይደርሳል። ትንሽ ቢመስልም ለጥራጥሬ ብዙ ነው።

የተቀቀለውን ከመቀቀያው ውሃ ጥቂት ጨምረህ ከፋፍለህ አስቀምጥ። ግማሹ ወደ ቁሌት ይገባል፣ ግማሹ በጨውና በቃሪያ ንፍሮ ሆኖ ምሳ እቃ ይሞላል።

ጎመኑን እጠብ፣ ክተፍ፣ በፈላ ውሃ ጥቂት ቀቅል፣ አውጥተህ በሁለት እጅህ ውሃውን ጭመቅ። እንደ ጭብጥ እያጠቃለልክ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ። በሥራ ቀን አንዱን ጭብጥ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ስታገላብጠው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ድንች ግን ፍሪዘር አታስገባ፤ ሲላቀቅ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ይሆናል። ጥቅል ጎመንና ካሮትም በዕለቱ ቢሠሩ ነው የሚያምርባቸው።


የሂርማታ ልጅ

እትዬ ኮረሪማ ሁሉንም ተናገሩት። እኔ የምሳ እቃውን ነገር ልጨምር።

ለረመዳን ሳምቡሳ የምናዘጋጀው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው፤ በጾም አፍ ከሰዓት በኋላ ሊጥ መዳመጥ ማን ይችላል። ድፍን ምስር ቀቅል፤ ሳይፈርስ አውጣው። በወንፊት በደንብ አጥልለው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በዘይት ጠበስ አድርገህ ከምስሩ ጋር ቀላቅል፤ ድንብላል ካለህ ነስንስበት። ጨርሶ ሳይበርድ አትጠቅልል፤ ትኩስ ከሆነ እንፋሎቱ ሊጡን ያረጥበዋል፣ ስትጠብሰውም ይፈነዳል። የጠቀለልከውን ሳይነካካ ትሪ ላይ ደርድረህ ፍሪዘር አስገባ፤ ከደረቀ በኋላ በአንድ ላስቲክ ሰብስበው። መጀመሪያውኑ በላስቲክ ከከተትከው ተጣብቆ አንድ ትልቅ ሳምቡሳ ይሆንልሃል።

ጠዋት እንደደረቀ በመካከለኛ ሙቀት ዘይት ጥበሰው፤ ዘይቱ ከጋለ ውጭው ይጠቁራል ውስጡ በረዶ ይሆናል። ጾምም ሆነ ፍስክ ይሆናል። የእኔ ልጆች ምሳ እቃቸውን ባዶውን የሚመልሱት ሳምቡሳ የያዙ ቀን ነው።

መብራት ጨርሶ ለጠፋበት ቀን ደግሞ ጭኮ ይኑርህ። የገብስ በሶ በንጥር ቅቤ፣ በጨውና በጥቂት በርበሬ ለውሰህ በዕቃ ጠቅጥቀህ ክደነው። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ሳምንታት ይቆያል። ጠዋት በሻይ አንድ ቁራጭ የበላ ልጅ እስከ ምሳ አይርበውም።


ወጥ ቤት ሠራተኛ

ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ነው የምሠራው። እትዬ ኮረሪማን በአንድ ነገር ልቃወማቸው። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በእጅ አድቅቆ ክተፍ ማለት ለዚህ ሰው እሑዱን መቀማት ነው። እኛ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት በማሽን ነው የምናደቅቀው፤ እንግዳው ሲበላ ልዩነቱን አያውቅም። በማሽን የተፈጨ ብዙ ውሃ ስለሚወጣው ያለ ዘይት የሚቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደግሞ ሽሮ በቁሌት ስትሠራ ዱቄቱን ቀድመህ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ጨምር። የፈላ ቁሌት ላይ ደረቅ ዱቄት የነሰነሰ ሰው ራቱን ጓል ሲያሳድድ ያመሻል።


ኮረሪማ

እንግዳው አያውቅም ትላለህ እንጂ ያውቃል፤ ከፍሎ ስለሚሄድ ዝም ይላል። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ ቶሎም ይመርራል። ለሆቴል ይሁን፤ ለሦስት ሰው ቤት ቢላዋ ይበቃል። የሽሮውን ግን እውነት ብለሃል።


ተረኛ ነርስ

ወንድሜ፣ እኔ የምጽፍልዎ ስለ ጣዕም አይደለም፤ ከትኩስ ድስት እስከ ማቀዝቀዣ ስላለው መንገድ ነው። ሌሊት ተረኛ ስሆን በማስመለስና በተቅማጥ የሚመጡ ቤተሰቦችን አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሲጠየቁ በትልቅ ድስት የቆየ ምግብ አለ።

ትልቅ ድስት እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ መሐሉ ለሰዓታት ሞቅ ብሎ ይቆያል፤ ተህዋስያን የሚራቡትም በዚያ ሙቀት ነው። ሐሙስ ላይ የኮመጠጠው ወጥ ምናልባት እሑድ ማታ ነው ሥራውን የጀመረው። የበሰለውን ጠፍጣፋ በሆኑ ዕቃዎች ስስ አድርገው ያሰራጩት፤ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ቢያስቀምጡት ቶሎ ይበርዳል። ከምድጃ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ። ማቀዝቀዣው ከ4 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን። የበሰለ ምግብ እዚያ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው የሚቆየው፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው ፍሪዘር ይግባ።

ስለ መብራቱ፦ በሩ ካልተከፈተ የታችኛው ክፍል አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ስለዚህ ባዶ ቦታ አይተዉ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው፣ ለመስፋፊያ ጥቂት ጎደል አድርገው፣ በየቀዳዳው ያስገቡ። መብራት ሲሄድ ከእነዚህ ሁለቱን ወደ ታች ማውረድ ይቻላል።

እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ማን ይነግርዎታል? በኩባያ ውሃ አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያርጉት፤ ከረጋ በኋላ አንድ ሳንቲም ከላዩ ያስቀምጡበት። ሳንቲሙ እላይ ካለ ምንም አልሆነም። ወደ ታች ከሰጠመ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ያንን ምግብ ለልጅ አይስጡ።

ሲያሞቁ ለብ ማድረግ አይደለም፤ መሐሉ ድረስ ይንተክተክ። ሩዝ ከቀቀሉ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ከምሳ እስከ ራት ወጥ ቤት ውስጥ የዋለ ሩዝ ቢያሞቁትም መርዙ ላይጠፋ ይችላል።


ሒሳብ ያዡ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሳንቲሙን ነገር ዛሬውኑ አደረግሁት። ልጄም መልሶቹን ከጎኔ ሆና እያነበበች ነው፤ ሳምቡሳውን እሷ እንደምትጠቀልል፣ ሽንኩርቱን ግን እንደማትነካ አስታውቃለች።

እትዬ ኮረሪማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እንጀራውን አልነገሩኝም። የምገዛት ሴትዮ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትጋግረው፣ ጎበዝ ናት፣ ልለውጣት አልፈልግም። ዝናቡ እስኪያባራ ምን ላድርግ? ቋንጣስ? ባለቤቴ ቋንጣ ፍርፍር ትሠራልን ነበር፤ ልጆቹ በስም እየጠሩ ይጠይቁኛል። ሌላም አለ፤ ንፍሮና ሳምቡሳ ለሁለት ቀን ይሆናል፣ ለቀሪዎቹ ቀናት ሳይሞቅ የሚበላ የምሳ እቃ ምግብ ምን አለ?


ኮረሪማ

እንጀራህን የሚያሻግተው ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ትኩሱን ደራርባ በላስቲክ ጠቅልላ የምትሰጥህ ከሆነ እንፋሎቱ ወደ ራሱ ተመልሶ ያረጥበዋል። ሰፌድ ይዘህ ሂድና አንድ በአንድ እየበረደ እንዲደራረብ ለምናት። ቤት ስትደርስ ለሦስት ቀን የሚበቃውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነህ መሶብ ውስጥ አስቀምጥ። መሶቡን በየጊዜው ፀሐይ አስመታው፤ ያለፈው ሳምንት ሻጋታ ከስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የዚህን ሳምንት እንጀራ ይጠብቃል።

የቀረውን እንጀራ ለአንድ ራት የሚሆነውን እያጠፍክ፣ በላስቲክ አየር ሳታስገባ ቋጥረህ ፍሪዘር አስገባ። ጠዋት ካወጣኸው ማታ ልስልስ ይላል። ከፈለግህ በፈላ ውሃ ድስት ላይ፣ በወንፊት ውስጥ አድርገህ፣ ለአፍታ እንፋሎት አስመታው። መሶብ ውስጥ ካደረው ይሻላል፤ አሮጊት ሆኜ ይህን መናገሬ ቢያስቅም እውነት ነው።

ድርቆሽ ግን የፍሪዘር ሁሉ አያት ነው። ያደረውን እንጀራ ሳይሻግት ቆራርጠህ ሰፌድ ላይ ዘርጋ። ኅዳርና ታኅሣሥ የጅማ ፀሐይ በሁለት ቀን ያደርቅልሃል። አሁን ሰማዩ አይታመንም፤ ስለዚህ ጋጋሪዋ ጨርሳ ምጣዱ ሲበርድ፣ ለብ እያለ፣ ላዩ ላይ እንድትዘረጋልህ ጠይቃት። በጣትህ ስትሰብረው ቀጭ ካለ ደርሷል፤ ከተለጠጠ ይሻግታል። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ካስቀመጥከው ወራት ይቆያል። ማታ ቁሌቱን በሁለት ብርጭቆ ውሃ አፍልተህ ድርቆሹን ስትጨምርበት ራት ነው። መብራትም ማቀዝቀዣም አይጠይቅህም፤ ቡታጋዝ ካለህ አበቃ።

ቋንጣን አሁን እንዳታስበው። በዝናብ ቋንጣ የሰቀለ ሰው ለዝንብ ድግስ ደግሷል። ሰማዩ ሲጠራ፣ ኅዳር ላይ፣ ስብ የሌለውን ቀይ ሥጋ በረጅሙ ዘልዝልና በጨውና በበርበሬ እሸው፤ ሚጥሚጣም ጣል አድርግበት። ወፈር ያለ ዘልዛላ ውጭው ደርቆ ውስጡ ይሸታል፤ ስለዚህ ቀጠን ይበል። ንፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ ገመድ ላይ ስቀለው። እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር አውርደው። እስከዚያ ልጆቹ ቋንጣ ብለው ሲጠይቁህ ድርቆሽ ፍርፍር ላይ የተቀቀለ እንቁላል ቆርጠህ ስጣቸውና አባብላቸው።

ለምሳ እቃው አዚፋ። ድፍን ምስር ለሳምቡሳው ስትቀቅል አብዝተህ ቀቅል፤ ለሳምቡሳው የሚሆነውን ሳይፈርስ አውጣና የቀረውን ጨርሶ እንዲለሰልስ ተወው። በማንኪያ ጀርባ ግማሹን ጨፍልቅ፣ ግማሹ እንዳለ ይቅር። የተበጠበጠ ስናፍጭ፣ ዘይት፣ ጨው ጨምረህ ማቀዝቀዣ አስገባው፤ ሦስት ቀን ይቆያል። ጥሬ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና ሎሚውን ግን ጠዋት ጠዋት ነው የምትጨምረው፤ ሽንኩርቱ ካደረበት የክፍሉ ልጅ ሁሉ ከልጅህ ይሸሻል። ለትንሹ ስናፍጩን ቀንስለት፣ አፍንጫው ይነካበታል። በቀዝቃዛው ስለሚበላ ማንም አሙቁልኝ አይልህም። እንጀራ ላይ ቀብተህ ጠቅልለህ በቢላዋ ቁረጠው፤ ልጅ እጁ ሳይቆሽሽ ይበላዋል።


ሒሳብ ያዡ

ተመዘገበ። ሽንኩርቱን በሐሙስ ገበያ ከሂርማታ እገዛለሁ፤ ከመጋዘኑ አንድ ሰዓት ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ትልልቁ ነው የሚሻለው ትንንሹ?


ኮረሪማ

ለቁሌት ትንንሹ የአበሻ ሽንኩርት ነው፤ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይቁላላል፣ ጣዕሙም ይጠነክራል። መላጡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ብትነክረው ልጣጩ ይለቅልሃል። ያን ከጠላህ መካከለኛውን ግዛ። የትኛውንም ብትገዛ አንገቱን በጣትህ ጫን በል፤ የደረቀ ከሆነ ውሰድ፣ ለስላሳ ከሆነ ውስጡ በስብሷል። የዝናብ ሽንኩርት ስለሆነ ከጆንያው ላይ ላዩን ብቻ አይተህ አትመን፤ ዘርግፈው እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ነጋዴው ካኮረፈ ሌላ ነጋዴ አለ።